ከአሮጌ ላፕቶፕ የቤት ሰርቨር መሥራት፦ መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት

የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ ስድስት ቦታ ተበትኖ ነበር፤ አንዱም ጋ ግን ሙሉው አልነበረም። መልሱ ወንድሜ ስልክ ላይ፣ ጭፈራው እናቴ ሣጥን ውስጥ ባስቀመጠችው ፍላሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ደግሞ ፎቶ ቤቱ በሰጠን ሲዲ ነበር። ሲዲ የሚያጫውት ዕቃ ከቤታችን ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ቀን ፍላሹን ላፕቶፕ ላይ ብሰካው «መጀመሪያ ፎርማት አድርገው» አለኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ምን አለ?» ስትል «ትንሽ ደክሞታል» ብዬ አለፍኩ።

ያን ሰሞን ነው ማጠፊያው የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ከቁም ሣጥን ላይ አውርጄ ሰርቨር ያደረግሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ክረምት ተሻግሯል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት የተማርኩትን፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፋለሁ።

ሰርቨር የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። ሁልጊዜ በርቶ የሚቀመጥና ዲስኩን ለቤቱ ሰው ሁሉ የሚያካፍል ኮምፒውተር ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢንተርኔት ይፈልጋል ብሎ በማሰቡ ነው። አይፈልግም። ስልካችሁና ሰርቨሩ የሚነጋገሩት በራውተሩ በኩል እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ኔት ቢቋረጥም ፓኬጅ ቢያልቅም ራውተሩ እስከበራ ድረስ ፊልሙ ይታያል፣ ፎቶው ይገለበጣል፤ ከፓኬጃችሁ አንድ ሜጋባይት አይቆረጥም። ኢንተርኔት የምትፈልጉት በመጫኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አልፎ አልፎ ለማሻሻያ።

ምን ያስፈልጋል

ላፕቶፕ። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይሁን እንጂ ዕድሜው አያስጨንቅም፤ 4 ጊጋባይት ራም ካለው ለዚህ ሥራ ይተርፈዋል። የኔትወርክ ኬብል መሰኪያና ቢያንስ አንድ ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ቢኖረው ጥሩ ነው። ዩኤስቢ 3 ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ዩኤስቢ 2 ላይ የተሰካ ዲስክ በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለቅጂ ነው። ሁለቱም ትንሹ ዓይነት፣ ማለትም 2.5 ኢንች የሆነውና ከዩኤስቢው ራሱ ኃይል የሚወስደው ይሁኑ። ምክንያቱን መብራቱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛ ዲስክ ከቻላችሁ በኋላ ይታከላል።

የኔትወርክ ኬብል። ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ማገናኘት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ስልኩም ሰርቨሩም በዋይፋይ ከሆኑ አንዱን አየር ሁለት ጊዜ ይሻሙበታል።

ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ደግሞ ለመጫኛ።

ስለ ዲስክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «2 ቴራባይት» ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ነገር ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ውስጡ ያለው ሚሞሪ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሆኖ ኮምፒውተሩን 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የተደረገ ነው። ከሞላ በኋላ የምትጽፉበት ሁሉ የቀደመውን ይደመስሳል፤ የፋይሉ ስም ግን ስለሚታይ ደህና ይመስላችኋል። ኤችቱ ቴስት የሚባል ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። አዲስ ዲስክ ስትገዙ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅም አድርጉት።

መብራት

ሶፍትዌሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰርቨርን የሚገድለው መብራት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

ዴስክቶፕ ትቼ ላፕቶፕ የመረጥኩት ባትሪው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መጠባበቂያ፣ ስለሚሆን ነው። አሮጌ ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ ቢይዝ፣ ጠፋ መጣ ለሚለው መብራት ይበቃል። 2.5 ኢንች ዲስክ ያልኩትም ለዚህ ነው፦ ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ መብራት ሲጠፋ እሱም አይሰማውም። ትልቁ፣ የራሱ አዳፕተር ያለው 3.5 ኢንች ዲስክ ግን ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ እያለ እሱ ድርግም ይላል፤ በመጻፍ ላይ ከነበረ ፋይሉ መሐል ላይ ይቆረጣል።

ባትሪውን ከመጀመራችሁ በፊት አውጥታችሁ እዩት። ካበጠ አትጠቀሙበት፤ ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ የሚኖር ያበጠ ባትሪ እሳት ያመጣል። አንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ (ላፕቶፑ ሲነሣ በሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ ካገኛችሁት አብሩት።

ቀጥሎ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገር ዕለት አምፖሉ ሲደበዝዝ ይታወቃል፤ ምጣዱ ሲነቀል ደግሞ ቮልቱ ተመልሶ ይዘላል። ሰርቨሩንና ራውተሩን ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ መስመር አትስኩ። ሌላ መስመር ከሌላችሁ ስታቢላይዘር አስገቡ። ስለ ቆጣሪው ለሚጨነቅ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይኸው፦ ላፕቶፑ 15 ዋት ገደማ ቢፈጅ በወር 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ያንኑ በሦስት ሰዓት ጋገራ ይጨርሰዋል። አባቴን ያሳመነው ይህ ሒሳብ ነው።

መብረቅ። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ አያስረዱትም። ነጎድጓድ ሲቀርብ የላፕቶፑንና የራውተሩን ሶኬት ነቅሎ ላፕቶፑን በባትሪ ማቆየት ነው። የራውተሩን የስልክ መስመርም አትርሱ፤ መብረቅ በመብራት ሽቦ ብቻ አይመጣም።

ራውተሩ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ ይሞታል። ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ ይሸጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፤ ብዙው 12 ነው፣ 9 የሆነም አለ።

በመጨረሻ ማጥፊያው። ቀጥሎ የምንጭነው ሶፍትዌር የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ሲል በራሱ በወግ ላይዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቤት የሚውለው ሰው ማጥፋት ማወቅ አለበት። እኔ ላፕቶፑ ላይ በማርከር «መብራት ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ካለፈው ቁልፉን አንዴ ነካ፤ ይዘሽ አትቆዪ» ብዬ ጽፌ ለጥፌያለሁ። አንዴ ሲነካ በወግ ይዘጋል፤ ተይዞ ከቆየ ግን ጉሮሮውን ማነቅ ነው።

ቦታውን በተመለከተ፦ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ለኮምፒውተር ምቹ ነው፤ ባሕር ዳር ያላችሁ ግን ነፋስ የሚገባበት ቦታ ፈልጉለት። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ስለሚንሳፈፍ አምራቾቹ የሚፈቅዱት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ጮቄ ተራራ አናት ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሰርቨር ለማቆም ያሰባችሁ የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ግዙ።

ሶፍትዌሩን መጫን

የምጠቀመው ኦፕን ሚዲያ ቮልት የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፣ ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፣ ከሁሉም በላይ ትእዛዝ ሳትጽፉ በብራውዘር በኩል ሁሉን ማስተካከል ያስችላል። ሌሎችም አሉ፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ ግን ከዚህ የቀለለ አላገኘሁም።

የመጫኛ ፋይሉ 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሌላ ኮምፒውተር አውርዱትና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

አሁን ኤክስተርናል ዲስኮቹን በሙሉ ንቀሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዘላችሁ እንዳታልፉ። መጫኛው የመረጣችሁትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ነው የሚቀመጥበት፤ ሁለት ዲስክ ካየ የመሳሳት ዕድል አለ፣ አንድ ብቻ ካየ ግን መሳሳቻ የለውም። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የድሮ ፋይልም ይጠፋልና አስቀድማችሁ አውጡት።

ኬብሉን ከራውተር ጋር አገናኙ፤ ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን አብሩና ኤፍ12ን ደጋግማችሁ ንኩ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ኤፍ9 ወይም ኢኤስሲ ነው የሚፈልገው። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ። እምቢ ካለ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ሴኪውር ቡት የሚለውን አጥፉት።

ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። አገር ሲል መጀመሪያ «አዘር»፣ ከዚያ አፍሪካ፣ ከዚያ ኢትዮጵያ። ለማሽኑ ስም ሲጠይቅ በላቲን ፊደል አጭር ስም ስጡት፤ የእኔ ጮቄ ነው የሚባለው። የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ሲል ጠንካራ ቃል ምረጡና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡ። ፋይል የሚያወርድበትን አገር ሲጠይቅ ኢትዮጵያን ካጣችሁ ጀርመንን ምረጡ። ሲጨርስ ፍላሹን አውጡ ይላችኋል፤ አውጥታችሁ እንደገና ይነሣል።

ሲነሣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ታያላችሁ። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መልኩ ይኸው ነው። ከጽሑፉ መሐል በ192.168 የሚጀምር ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር በሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ጻፉ፤ የመግቢያ ገጽ ይመጣል። የመግቢያ ስሙ አድሚን፣ የይለፍ ቃሉ ደግሞ የሶፍትዌሩ ስም ራሱ ነው፤ ሁለቱም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የኋለኛው ሳይነጣጠል ይጻፋል። ይህን የዓለም ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ከላይ በቀኝ ካለው ምልክት ገብታችሁ ወዲያው ቀይሩት።

ገጹ አምስት ደቂቃ ካልነካችሁት ያስወጣችኋል። መጀመሪያ ቀን ላይ ይህ ያበሳጫል፤ «ሲስተም» ሥር «ወርክቤንች» ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት አሳድጉት። እዚያው «ሲስተም» ሥር የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጡ፤ «ፓወር ማኔጅመንት» ውስጥም የማብሪያ ቁልፉ ሲነካ ሥርዓቱ እንዲዘጋ ምረጡ። ለእናቴ የለጠፍኩት ወረቀት የሚሠራው ይህ ሲሆን ነው።

ቁጥሩ እንዳይለዋወጥ ደግሞ ራውተሩ ላይ አስይዙት። የራውተሩ ገጽ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ የመግቢያ ቃሉ ሥሩ ላይ ተለጥፏል። ዲኤችሲፒ (ራውተሩ አድራሻ የሚያድልበት) በሚለው ውስጥ ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ስጡት፤ እኔ 192.168.1.50 ሰጥቼዋለሁ።

የላፕቶፑን ክዳን አትዝጉት፤ ከተዘጋ ይተኛል። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀንሱና እንደተከፈተ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ።

ዲስኩና ፎልደሮቹ

የሥራውን ዲስክ አሁን ስኩ። «ስቶሬጅ» ውስጥ «ዲስክስ» የሚለው ላይ መታየት አለበት። ዲስኩ ላይ ፋይል ካለ ወደ ሌላ ቦታ አውጡ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ይጠርገዋል። «ፋይል ሲስተምስ» ውስጥ ገብታችሁ የመደመር ምልክቱን፣ ከዚያ ኢኤክስቲ4 የሚለውን የፋይል አደራደር ምረጡ። ለምን ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት አይሆንም ለሚል፦ ኤክስፋት መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚያርምበት መዝገብ የለውም፤ ኤንቲኤፍኤስ ደግሞ ሊኑክስ ላይ የፈቃድ ጣጣ ያመጣል። ኢኤክስቲ4 የጀመረውን ነገር አስቀድሞ ስለሚመዘግብ ሲነሣ ራሱን ያስተካክላል።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ከላይ ቢጫ መስመር ይመጣል። እዚያ ላይ ያለውን የአዎንታ ምልክት (✓) ካልነካችሁ ምንም አልተለወጠም። ጀማሪ ሁሉ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ለምን አይሠራም» ስል ያመሸሁት በዚህችው ምልክት ነው።

ከዚያ «ዩዘርስ» ውስጥ ለቤቱ ሰው ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል ፍጠሩ። «ሼርድ ፎልደርስ» ውስጥ ደግሞ ፎልደሮቹን። የእኔ አራት ናቸው፦ ፎቶ፣ ፊልም፣ ሰነድ፣ ድምፅ። ድምፅ የሚለው የአጎቴ ነው፤ በየክብረ በዓሉ የሰማውን ቅኔ በስልኩ ይቀዳል፣ ይህ አገር ደግሞ ቅኔ አያልቅበትም። በየፎልደሩ «ፐርሚሽንስ» የሚለው ላይ ማን ማየት፣ ማን መጻፍ እንደሚችል ይወሰናል። ልጆች ፊልም ላይ ማየት ብቻ፤ ሰነድ ላይ ጭራሽ እንዳይገቡ። ዝም ካላችሁት የቤቱ ሰው ሁሉ ሁሉንም ሊጽፍበት ይችላል።

አሁን «ሰርቪስስ» ውስጥ ኤስኤምቢ የሚለውን (ፎልደሮቹን በኔትወርክ የሚያካፍለውን) አብሩና እያንዳንዱን ፎልደር ጨምሩ። ሲጨመር «ሪሳይክል ቢን» የሚል ምርጫ አለ፤ አብሩት፣ 30 ቀን ስጡት። ያለዚያ በኔትወርክ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው ነው የሚጠፋው።

የአማርኛ ፋይል ስም ያለ ችግር ይቀበላል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኢኤክስቲ4 ለፋይል ስም የሚሰጠው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ስሙ ከ85 ፊደል ካለፈ አይገለበጥም። ዊንዶውስ ላይ በደህና የተቀመጠ ረጅም ርእስ ያለው የስብከት ቪዲዮ «ስሙ ረዝሟል» ብሎ ሲመለስ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ስሙን አሳጥሩትና ይገባል። የሠርግና የክርስትና ፎልደሮችንም ዓመቱን አስቀድማችሁ ሰይሙ፤ «2016 ጥር ሠርግ» እንደ ማለት። እንዲህ ከሆነ ራሳቸው በየተራቸው ይሰለፋሉ።

ከኮምፒውተርና ከስልክ

ዊንዶውስ ላይ የፎልደር መስኮት ከፍታችሁ ከላይ ባለው አድራሻ \\192.168.1.50 ብላችሁ ኢንተር ንኩ። ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ፎልደሮቹ ይመጣሉ። በቀኝ ተጭናችሁ «ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ» ካላችሁት እንደ ራሱ ዲስክ ሆኖ ይቀመጣል። ከኮንትሮል ፓነል ደግሞ ፋይል ሂስትሪ የሚባለውን ከፍታችሁ ቦታውን ወደ ሰርቨሩ ብታዞሩት፣ የምትሠሩበትን ሰነድ እየቆየ ራሱ ይገለብጣል፤ የትናንቱንም የባለፈውንም ሳምንት ቅጂ ይይዛል።

የመጀመሪያው ግልበጣ ረጅም ነው። የራውተሩ ቀዳዳ 100 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ ከ11 እስከ 12 ሜጋባይት ነው የሚያልፈው፤ 400 ጊጋባይት አሥር ሰዓት ሊፈጅ ነው። ጊጋቢት ከሆነ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ፋይሉ ያለበትንም ኮምፒውተር ለዚያች ቀን በኬብል አገናኙት፤ በዋይፋይ አትሞክሩት።

አንድሮይድ ላይ ፎልደርሲንክ የሚባለውን መተግበሪያ እጠቀማለሁ። አካውንት ስትጨምሩ ኤስኤምቢ ምረጡ፤ የሰርቨሩን ቁጥርና ስማችሁን ስጡት። ከስልኩ የካሜራ ፎልደር ወደ ሰርቨሩ ፎቶ ፎልደር፣ አቅጣጫው ወደ አንድ ብቻ፣ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ። ማጥፋትን ተከተል የሚል ምርጫ ካያችሁ አትንኩት፤ ስልኩ ላይ ቦታ ለማግኘት የሰረዛችሁት ፎቶ ከሰርቨሩም እንዳይሰረዝ። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ መተግበሪያውን ስለሚያስተኛው በሴቲንግ ውስጥ ከባትሪ ቁጠባ አውጡት። የእናቴ ስልክ ሦስት ሳምንት ምንም ሳይልክ የቆየው በዚህ ነበር። አይፎን ያላችሁ ፎቶሲንክን ሞክሩ።

ቴሌቪዥኑ

ይህ አጭር ነው። «ሲስተም» ውስጥ «ፕለጊንስ» (ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ገብታችሁ ፊልሙን ለቴሌቪዥኑ የሚያቀርበውን ሚኒ ዲኤልኤንኤ ጫኑ፤ ፊልም ፎልደሩን አሳዩት፤ አብሩት። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ከሆነ «ሶርስ» ሲነካ የሰርቨሩ ስም ከኤችዲኤምአይ ጎን ብቅ ይላል። ቴሌቪዥኑ የማይከፍተው ፋይል ካለ በስልካችሁ ሞክሩት፦ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ሁሉንም ያጫውታል ማለት ይቻላል፤ ኔትወርክ በሚለው ሥር ሰርቨሩን ያገኘዋል። ጄሊፊን የሚባለው ሌላ የፊልም ማሳያ ፕሮግራም ከፖስተር ጋር ያምራል፤ ነገር ግን አሮጌ ፕሮሰሰር ቪዲዮ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ሲጀምር ያቃስታልና እኔ ትቼዋለሁ።

ቅጂው

እስካሁን የሠራችሁት ማጋሪያ ነው፤ መጠባበቂያ አይደለም። ፎቶውን ከስድስት ቦታ ሰብስባችሁ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ከተዋችሁት ከቀድሞው የባሰ አደጋ ላይ ናችሁ። ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል።

ሁለተኛውን ዲስክ ስኩ፤ እንደ መጀመሪያው ኢኤክስቲ4 አድርጉት፤ «ቅጂ» የሚል ፎልደር ፍጠሩበት። ይህን ፎልደር በኤስኤምቢ አታጋሩት፤ የቤቱ ሰው የማያየው ከሆነ አይሰርዘውም፤ ኮምፒውተር ላይ የገባ ቫይረስም አይደርስበትም። ከዚያ «ሰርቪስስ» ውስጥ «አርሲንክ» የሚባለው መገልበጫ ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ሥራ ጨምሩ፦ ከፎቶ ወደ ቅጂ፣ በየሌሊቱ። «ዲሊት» የሚለው ሳጥን ባዶ ይሁን። ከተመረጠ ከፎቶ የጠፋው ሁሉ ከቅጂውም ይጠፋል፤ ያ መስታወት እንጂ መጠባበቂያ አይሆንም። ለሰነድና ለድምፅም እንዲሁ ሥራ ጨምሩ፤ ፊልሙ እንደገና ስለሚገኝ ትቼዋለሁ።

ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከ0 እስከ 23 ነው። እኔ ሌሊት 8 ሰዓት ብዬ 8 ጻፍኩበት፤ እሱ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ምጣዱ በተጣደበትና ሰው ሁሉ በተነሣበት ሰዓት ይሠራ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ለእሱ 2 ነው፤ ምሽት 3 ሰዓት ደግሞ 21።

ሦስተኛው ዲስክ ቡሬ ያለችው እህቴ ቤት ነው። ዩኤስቢ ባክአፕ የሚባል ፕለጊን አለ፤ አንዴ ካስተዋወቃችሁት ዲስኩ በተሰካ ቁጥር ግልበጣውን ራሱ ይጀምራል። እህቴ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ስትመጣ ይዛው ትመጣለች፤ ሌሊቱን ተሰክቶ ያድራል፤ ስትመለስ በሹራብ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ሌባም ቢገባ እሳትም ቢነሣ ሠርጉ ቡሬ አለ።

ከውጭ ሆናችሁ ለመግባት ብላችሁ ራውተሩ ላይ ለኤስኤምቢ በር አትክፈቱ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ከአገር አገር የሮጠው በዚሁ በር በኩል ነው፤ ያገኘውን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር።

በየወሩ

እኔ ቀኑን እንዳልረሳው በየወሩ በ21፣ በማርያም ዕለት አደርገዋለሁ። «ስማርት» የሚለው ውስጥ የዲስኮቹን ጤንነት አያለሁ፤ «ሪአሎኬትድ» እና «ፔንዲንግ» የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ዜሮ መሆን አለባቸው። ከፍ ማለት ከጀመሩ ዲስኩ እየተሰናበተ ነውና ሌላ ግዙ። አንዳንድ የዩኤስቢ ማቀፊያ ይህን መረጃ አያሳልፍም፤ ያን ጊዜ ጆሯችሁን አቅርቡ፣ የሚንኳኳ ዲስክ ጤነኛ አይደለም። ኔት ካለ ማሻሻያውን እጭናለሁ፤ የማቀዝቀዣውን አቧራ በቀለም ብሩሽ እጠርጋለሁ።

ከዚያ ከቅጂው ዲስክ ላይ አንድ ፋይል አወጣለሁ። ፎልደሩ ስላልተጋራ ለጊዜው ለራሴ ብቻ የማየት ፈቃድ ሰጥቼ፣ አንድ ቪዲዮ ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ከፍቼ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ባለፈው ወር የወጣው የሠርጉ መልስ ነበር፤ እናቴ ከማድ ቤት እጇን እየጠረገች መጥታ አብራኝ ቆመች፤ «ደክሞታል ያልከው ዳነ እንዴ?» አለችኝ።